የሊ 450-200-1አር ሾጣጣ አረር ማፍሰሻ፦ ለጥቁር ባሩድ ስድስት ጎራሽ

በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን የሚወዱ ተኳሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ድቡልቡል አረር ነው፤ እርሱ በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም አይከብድም፣ በዒላማ ላይም አያሳፍርም። ሾጣጣ አረር የሚፈልግ ሰው ግን እርሳስ አቅልጦ ራሱ ማፍሰስ ይቀለዋል። ለዚህ ሥራ ከሚሸጡት መሣሪያዎች መካከል ሊ ፕሪሲዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው 450-200-1አር የተሰኘው ባለ ሁለት ጎድጓዳ የአሉሚኒየም ማፍሰሻ በሰፊው ይታወቃል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ መሣሪያው ከዋጋው በላይ የሚሠራ ነው፤ የሚያወጣው አረር ግን ለሁሉም ተኳሽ አያስፈልግም።

በስሙ ውስጥ 450 የአረሩን ስፋት በሺኛ ኢንች፣ 200 ደግሞ ክብደቱን በግሬን የሚያመለክቱ ሲሆን፣ 200 ግሬን ማለት ወደ 13 ግራም ገደማ ነው። የተዘጋጀው ለ44 ካሊበር (የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ሽጉጦች፣ ማለትም ለኮልት 1860 አርሚና ለሬሚንግተን ኒው ሞዴል አርሚ እንዲሁም ለዘመናዊ ቅጂዎቻቸው ነው። ለእነዚሁ ሽጉጦች የሚሆነው ድቡልቡል አረር 9 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ሾጣጣው ዒላማው ላይ የበለጠ ክብደት ይዞ ይደርሳል፤ በሌላ በኩል ግን ርዝመቱ በሲሊንደሩ፣ ማለትም ባሩዱና አረሩ በሚጎርሱበት ተሽከርካሪ ክፍል፣ ቀዳዳ ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይሻማል።

የዚህ ማፍሰሻ ዋና ብልሃት ያለው በአረሩ ግርጌ ላይ ነው። ድቡልቡል አረር በየትኛውም ጎኑ ቢገባ አንድ ስለሆነ መጠቅጠቂያው፣ ማለትም አረሩን ወደ ቀዳዳው የሚገፋው የሽጉጡ ክንድ፣ ሲጫነው ዙሪያውን ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ይወጣና ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ሾጣጣ አረር ግን አንድ ጊዜ ተንጋዶ ከገባ ተንጋዶ ይቀራል፤ እንደዚያ የተተኮሰ አረር ደግሞ ከበርሜሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለዚህ ግርጌው ከላይኛው አካሉ ጥቂት ጠበብ ተደርጎ ተሠርቷል፤ በጣት ብቻ ወደ ቀዳዳው ሲገፋ ግርጌው ገብቶ አረሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለውን ክፍል መጠቅጠቂያው አጥብቆ ያስገባዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኮልት ከሽጉጦቹ ጋር ያቀርባቸው የነበሩት ማፍሰሻዎች በአንዱ ጎድጓዳ ድቡልቡል፣ በሌላው ሾጣጣ አረር ያወጡ ነበር፤ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም ለወታደሮች ይታደሉ የነበሩት ስድስት ስድስት እየሆኑ የታሸጉ የወረቀት ጥይቶች (ባሩዱ በወረቀት የተጠቀለለባቸው) ጫፋቸው ላይ የተለጠፈው ሾጣጣ አረር ነበር።

ወደ ማፍሰሱ ስንመጣ፣ አሉሚኒየም ቶሎ ስለሚሞቅ ሥራው ከብረት ማፍሰሻ ይልቅ ፈጥኖ ይጀመራል፤ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ግን ማፍሰሱን አቋርጦ ወሬ ማውራት አይፈቅድም። ጎድጓዳዎቹ በክብሪት ጭስ ቀለል ያለ ጥላሸት ከተቀቡ አረሩ በቀላሉ ይለቃል። እርሳሱ በጭልፋ ሲፈስ ከላይ ባለው መቁረጫ ሳህን ላይ ትንሽ ትርፍ እንዲከማች ማድረግ ያስፈልጋል፤ እርሳስ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር አረሩ የጎደለውን የሚሞላው ከዚያ ትርፍ ነው። ያ ትርፍ ለጥቂት ሰኮንድ እንደ መስታወት ያብለጨልጭና ድንገት ይደበዝዛል፤ ሳህኑን በእንጨት መታ አድርጎ ማዞር ያለብን ከዚያ ትንሽ ቆይተን ነው። ቸኩለን ካዞርነው የአረሩ ግርጌ ይቀደዳል። የተጨማደደ አረር ማፍሰሻው እንዳልሞቀ፣ አመዳይ የመታው የሚመስል ነጣ ያለ አረር ደግሞ ከመጠን በላይ እንደጋለ ይናገራል። የኋለኛው መልኩ ባያምርም ይተኮሳል፤ የፊተኛው ግን ተመልሶ ማቅለጫው ውስጥ መግባት አለበት።

የእርሳሱ ጥራት ከማፍሰሻው ያላነሰ ወሳኝ ነው። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ለስላሳም ነው፤ ለእነዚህ ሽጉጦች የሚያስፈልገውም ይኸው ልስላሴ ነው። ለመኪና ጎማ ሚዛን ማስጠበቂያ የሚውለው እርሳስ አንቲሞኒ ስለሚገባበት ይጠነክራል፤ ጠንካራ አረር በግድ ሲገፋ የሽጉጡ መጠቅጠቂያ ክንድ ይጎብጣል ወይም ማያያዣው ይላላል። አንዳንዶቹ የጎማ ሚዛኖች ከዚንክ የተሠሩ መሆናቸውም ሌላ ጣጣ ነው፤ ዚንክ ከእርሳስ ጋር ከተቀላቀለ ጎድጓዳው በወጉ አይሞላም። አረሩ ላይ ያሉት ቦዮች የሚቀቡት ሰምና የበግ ሞራ ተቀላቅሎ ነው። ከነዳጅ የሚወጡ ቅባቶች ከጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ጋር ሲገናኙ እንደ ሬንጅ ስለሚጣበቁ አልመክራቸውም።

ጣሊያን ውስጥ ኡበርቲና ፒየታ የተባሉት ኩባንያዎች በሚሠሯቸው የእነዚህ ሽጉጦች ቅጂዎች የሚተኩስ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ማየት ይኖርበታል። አንደኛው በመጠቅጠቂያው ሥር ያለው የማጉረሻ ክፍተት ስፋት ነው፤ ለድቡልቡል አረር የሚበቃ ክፍተት ረጅሙን ሾጣጣ ቀጥ አድርጎ ላያስገባ ይችላል፣ እንዲህ ሲሆን ሲሊንደሩን አውጥቶ በተለየ መሣሪያ ማጉረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመጠቅጠቂያው ጫፍ ቅርጽ ነው፤ ለድቡልቡል አረር ተብሎ የተቦረቦረ ጫፍ የሾጣጣውን አፍንጫ ይደፈጥጣል። አካሉ ከነሐስ የተሠራ ሽጉጥ ያለው ሰው ደግሞ ከባዱን አረር ባይነካው ይሻላል፤ የተጨመረው ግፊት ነሐሱን ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በቀለጠ እርሳስ ውስጥ የገባች አንዲት የውሃ ጠብታ በቅጽበት እንፋሎት ሆና እርሳሱን ወደ ፊት ትረጨዋለች፤ ስለዚህ መነጽር፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግድ ናቸው፣ እርጥብ እርሳስም ወደ ጋለው ማቅለጫ አይጨመርም። አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዝቃጭ ሲያነሡ አቧራውን አለመተንፈስ፣ ሳይታጠቡ አለመብላትና ልጆችን ማራቅ ተገቢ ነው።

ወረቀት ጠቅልሎ እንደ ጥንቱ ጥይት ማዘጋጀት ለሚወድ ሰው ይህን ማፍሰሻ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ እጀታው አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ወጪ አያስከትልም። የወረቀት ዒላማ ላይ ብቻ ለሚተኩስ ግን ድቡልቡሉ ይበቃዋል፣ ብዙ ጊዜም ምቶቹን ከሾጣጣው የተሻለ አቀራርቦ ይሰበስባል። የ36 ካሊበር ኮልት 1851 ኔቪ ባለቤት ደግሞ የዚሁ ኩባንያ 375-130-1አርን ይፈልግ፤ እዚህ የተገመገመው ለእርሱ ሽጉጥ ወፍራም ነው።