ለአንዲት የደብረ ማርቆስ ጉዳይ አስፈጻሚ የቀረበ ምስጋና፣ ለውጭ ዜጋ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ለሚያወጡም ጥቆማ

በጎጃም የምትገኙና የውጭ ዜጋ ባለሙያ ቀጥራችሁ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት የምትቸገሩ ድርጅቶች ሁሉ ይህን ጽሑፍ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚሠሩ አንዲት ጉዳይ አስፈጻሚ ያደረጉልንን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለነገሩኝ «ወይዘሮዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ግን አድራሻቸውን በደስታ እሰጣለሁ።

የምሠራው በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የአስተዳደር ክፍል ውስጥ ነው። ስንዴው ከደብረ ኤልያስ፣ ከጎዛምንና ከማቻክል ይመጣልናል፤ ማሽኑ ግን የቱርክ ሥሪት ነው። ተከላውን የሠራልን ቱርካዊ ቴክኒሻን ሥራውን ጨርሶ ቢሄድ፣ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ከባሕር ማዶ ሰው ልንጠራ መሆኑ ስለገባን ባለቤቶቹ በቋሚነት ሊቀጥሩት ወሰኑ። እሱም ተስማማ። ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

ከወይዘሮዋ ጋር ከመገናኘታችን በፊት ያየነውን መከራ ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። የመጀመሪያው ሰው «ሰው አለኝ፣ ጣጣ የለውም» የሚል ነበር። ቴክኒሻኑ ወደ ሀገሩ ደርሶ ሲመለስ በቱሪስት ቪዛ እንዲገባ አደረገና፣ ከገባ በኋላ እዚሁ ወደ ሥራ እንደሚለወጥለት በሙሉ አፉ አረጋገጠልን፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ ተቀበለ። ቪዛው የሚያበቃበት ቀን ሲቃረብ ስልኩ መነሣት አቆመ። ያ ሁሉ «ሰው» የት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቅ፤ የቆይታ ቅጣቱ በቀን ሲቆጠር ግን ማንም አልቆመልንም። በመጨረሻ ቴክኒሻኑ ቅጣቱ ተከፍሎለት ከሀገር ወጣና በሥራ ቪዛ እንደገና መግባት ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው ደግሞ ትልቅ ማስታወቂያ የሰቀለ፣ ቢሮው ያማረ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ለኃላፊ ፈቃድ ቶሎ ይሰጣል በሚል የራሱ ብልሃት፣ ቀን ከሌት ከማሽን ሥር የማይወጣውን ሰው በቅጥር ውሉ ላይ «ምክትል ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ጻፈው። ማስረጃው የመካኒክ፣ ውሉ የሥራ አስኪያጅ ሆነና መዝገቡ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ከማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፣ መንገድ ሲዘጋ ደጀን ላይ ማደር አለ፤ ይህን ሁሉ አልፈው መስኮት ላይ ሲደርሱ «ውሉና ማስረጃው አይገናኝም» መባል ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሰውዬውን ብንጠይቀው «ለሻይ የሚሆን ጨምሩና አስተካክላለሁ» አለን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ለፈጣሪ ሰጥተናቸዋል።

ወይዘሮዋን የጠቆመን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቢሯቸው ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ፣ ግድግዳው ላይ የሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ቀን መቁጠሪያ። ፓስፖርቱን፣ ውሉን፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደሩና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አነበቡ። ከዚያም «ይህ ሰው በእውነት የሚሠራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ይህ ውል ይቀደዳል፤ እንዲህ ሆኖ ቢሄድ ዳግመኛ ይመለሳል፣ እኔም የሚመለስ ነገር ይዤ ገንዘባችሁን አልቀበልም» አሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ይህ አይሆንም» ያለን የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ እኔም የዚያን ዕለት ነው ልቤ ያረፈው።

ያስረዱንም በሚገባን ቋንቋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 176 የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን፣ ስለዚህም የሥራው መጠሪያ በውሉም፣ በማመልከቻውም፣ በማስረጃውም አንድ መሆን እንዳለበት ነገሩን። የሥራ ፈቃዱ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ ያንን ተከትሎ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንደሚወጣ፣ ዲፕሎማውም አንካራ ባለው ኤምባሲያችን ታይቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ እንዳለበት አስረዱን። ከዚያ በኋላ ያለውን የፎርም ብዛትና በየትኛው መስኮት ምን እንደሚገባ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፤ እሳቸው ስለሚያውቁት ሊገባኝም አልሞከርኩም።

አንድ ነገር ግን በተለይ አስገርሞኛል። ማመልከቻው ላይ ቴክኒሻኑን ወደፊት የሚተካው ኢትዮጵያዊ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ቦታ አለ። የቀድሞዎቹ እዚያ ላይ የመጣላቸውን ስም ጽፈው ያልፉ ነበር። ወይዘሮዋ ግን «የሚማረው ልጅ አለ ወይስ የለም? ካለ አምጡልኝ» አሉ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀ፣ ሁልጊዜ ከቱርካዊው ጎን የማይጠፋ የማቻክል ልጅ ነበረንና ይዘነው ሄድን። ምን እንደሚማር፣ የትኛውን ማሽን ብቻውን መፍታት እንደሚችል ጠይቀው የሥልጠና ዕቅዱን ከአፉ ጻፉት። ልጁ ያን ቀን ከቢሮው ሲወጣ አካሄዱ ራሱ ተለውጦ ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዋናው ጉዳይ ግን የሚከተለው ነው። ቴክኒሻኑ አማርኛ አያውቅም፣ እንግሊዝኛውም የማሽን ክፍሎችን ስም ከመጥራት አያልፍም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኘው ሁሉ ወረቀት እያቀረበ በጣቱ «እዚህ ፈርም» ሲለው የኖረ ሰው ነው። ወይዘሮዋ ግን አዲሱን ውል ከማስፈረማቸው በፊት ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱን አንቀጽ ቀስ ብለው በአማርኛ እያነበቡ በትርጉም መተግበሪያው በቱርክኛ አሰሙት። እሱም አንዱን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላውን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ወደ ክፍያው ሲደርሱ እጁን አነሣና ከቦርሳው የቱርክኛውን ውል አወጣ። በቱርክኛው ላይ ያለው የቤት አበል ሁለተኛው ሰው ባዘጋጀው አማርኛ ላይ አልነበረም፤ አዲሱም ከዚያ የተገለበጠ ስለነበር ሳይገባበት ቀርቷል። ወይዘሮዋ ለሥራ አስኪያጃችን እዚያው ደውለው አረጋገጡ፣ አንቀጹን ጨመሩ፣ እንደገና አተሙና ከመጀመሪያው ጀምረው ደግመው አነበቡለት። ደንበኛቸው እኛ ነን፣ ከፋዩም እኛ ነን፤ እሳቸው ግን ለእንግዳው ጠበቃ ሆነው ዋሉ። እኛም በዚህ ኮራን እንጂ አልተቀየምንም።

ወቅቱ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገናኙበት ነበር። የቢሮው ልጅ ለእንግዳ ብላ ቡና ይዛ ስትገባ ቴክኒሻኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ እንጂ አልተቀበለም። ወይዘሮዋ ወዲያው ገባቸውና «እሱም እንደ እኔ ጾመኛ ነው» ብለው ሲኒዎቹን አስመለሱ። የእኔም ሲኒ አብሮ ሄደ፤ ቅር አላለኝም ለማለት ግን አልደፍርም።

ተራ ስንጠብቅ ደግሞ አንድ አባት የውጭ ፓስፖርት ከያዘች ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቱ እዚህ መሥራት ስለፈለገች የሥራ ፈቃድ ይውጣላት ነው ጥያቄያቸው። ወይዘሮዋ በትውልድ ኢትዮጵያዊት መሆኗን ካጣሩ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ብታወጣ የሥራ ፈቃድም የመኖሪያ ፈቃድም እንደማያስፈልጋት ነግረው አንድ ብር ሳይቀበሉ ሸኟቸው። በእጃቸው የገባ ደንበኛ እንዲህ ሲሸኝ ሳይ የቀድሞዎቹ ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝና ራሴን ነቀነቅሁ።

አሁን የሥራ ፈቃዱም የመኖሪያ መታወቂያውም ወጥቷል። ቀድሞ ቴክኒሻኑ ከግቢ መውጣት ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ኬላ ላይ ሲጠየቅ መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ያሳያል፣ ባለፈው ቅዳሜም ብቻውን ገበያ ወጥቶ ማር ገዝቶ ተመልሷል። ዋጋውን ስንሰማ ትንሽ ተታሏል፤ እሱ ግን ደስ ብሎታል። ወይዘሮዋ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሁለቱን ፈቃዶች ማብቂያ በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር በቀይ እስክሪብቶ ጽፈውልናል፤ የእድሳቱ ጊዜ ሳይደርስም ራሳቸው እንደሚደውሉ ነግረውናል። የተቀበሉትም በመጀመሪያ የተስማማንበትን ብቻ ነው፣ ያውም በደረሰኝ። ከምስጋና ጋር ጭማሪ ብናቀርብ «ለልጁ መፍቻ ግዙለት» ብለው መለሱልን፤ ገዝተንለታል።

ስለዚህ ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ከደጀንም ያላችሁ፣ የሕክምና ባለሙያም ሆነ መምህር ወይም መካኒክ ከውጭ ልታስመጡ ያሰባችሁ፣ ሰውየው ቪዛ ሳይጠይቅ በፊት እሳቸውን አማክሩ እላለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ቪዛው ሳይጠየቅ በፊት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን እያልኩ፣ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ላስታውስ፦ የማስረጃዎቹን ቅጂ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሷችኋልና ዋናዎቹን ያዙ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ዝግ ነው።