የንባብ ቤታችንን ሰርቨር በብረት ላጠረልን የደሴ ልጅ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ከርማችኋል? ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ነው በይፋ የምጽፈው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ንባብ ቤታችን አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ልጆቹ የሚያነቡትን ሁሉ የሚያቀርብ ዋና ኮምፒውተር አለን። የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተው ዊኪፔዲያ፣ የተማሪዎቹ መዝገብም ሳይቀር እሱ ላይ ነው ያለው። ለብቻው የሚቆለፍ ክፍል ስለሌለን ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ነው የሚቀመጠው። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይነቅለዋል። ሌላው ፊልም ያለው መስሎት ፍላሽ ይሰካበታል። በኋላማ ጎኑ ተፈቶ ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ተወስዶ አገኘነው። ፈተና በደረሰበት ሰሞን ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ማየት አንጀት ይበላል።

ይሄኔ ነው አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የተጠቆምነው። መጥቶ ኪቦርዱን እንኳ አልነካም። ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ፣ ሶኬቱን እያየ ብዙ ቆየ። "አብሽሩ፣ መጀመሪያ እጅ እንዳይደርስበት እናድርግ፤ ፓስዎርዱ ይደርሳል" አለን። በብዙ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ያወጣ ሰው የባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም ፓስዎርድ ሊያጠፋው ይችላል። ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ስንከፍት የምናስገባው ፓስዎርድ ምኑም አይደለም።

ከአንድ በያጅ ጋር ሆኖ የላሜራ ሳጥን ሠራልን። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት! የበሩ ማጠፊያ ከውስጥ ነው። ከግድግዳው ጋር ያሰሩት ብሎኖችም ጭንቅላታቸው ወደ ውስጥ ስለሆነ በሩ ሳይከፈት አይፈቱም። ከአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ጀርባ ሌላ ላሜራ አለ። አየሩ ዞሮ ይገባል፤ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ግን ማጥፊያውን አያገኘውም። ሶኬቱና ዩፒኤሱም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ) እዚያው ውስጥ ናቸው። ኮምቦልቻ ቢሆን ለሙቀቱ ትልቅ ፋን ይጨምር እንደነበር ነግሮኛል። በሩ ላይ እንደ መብራት ቆጣሪው ቁጥር ያለው ማሸጊያ አድርጎበታል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር አዲሱ ቁጥር ደብተር ላይ ይሰፍራል።

ከዚያ ወደ ሲስተሙ ገባ። ኮምፒውተሩ ከፍላሽ እንዳይነሳ አደረገ፤ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹንም ዘጋቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታወቀው ስተክስኔት የሚባል ቫይረስ በፍላሽ ጭምር ይዛመት እንደነበር ያጫወተንም ያኔ ነው።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ስለ መብራት ማሰቡ ነው። ዲስኩ በሙሉ ቢመሰጠር፣ ማለትም ያለ ቁልፍ ቃል እንዳይነበብ ቢደረግ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቁልፍ ቃሉን የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የተማሪዎቹ መዝገብ ያለበትን ክፍል ብቻ መሰጠረው። መጻሕፍቱ መብራት ሲመጣ በራሳቸው ይነሳሉ። ልጆቹ እኛን ሳይጠብቁ ያነባሉ።

ሥራውንም አጋኖ አልሸጠልንም። "መቁረጫ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሌባን ይሄ አያቆመውም። ያዘገየዋል፣ መነካቱንም ያሳውቃችኋል። ቅጂውን ሌላ ቤት አስቀምጡ" አለን። አስቀመጥን። የላሜራውን ደረሰኝ አምጥቶ የእጁን ዋጋ ለብቻ ነው የጠየቀን።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ሌላ ሰው የሚበዛበት ቦታ ሰርቨር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ሳጥኑን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁም በሥራ ሰዓት ብቅ በሉ።