ለሞተር ሳይክል የጎን ጭነት፦ የአሉሚኒየም ሳጥን ወይስ የሸራ ቦርሳ?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በሐረጎ በኩል ስትወርድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትቀንሳለህ። እንደ ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ ያለ 471 ሲሲ ሞተር ስትመለስ ይህን ዳገት በቀላሉ ይወጣዋል። የሚያስቸግረው የጎን ጭነቱ ነው።

የአሉሚኒየም ሳጥን ይቆለፋል። ፒያሳ አቁመህ ቡና ብትጠጣ ልብህ አይንጠለጠልም። ክረምትም ልብስህን አያረጥብም። ግን ከባድ ነው፤ ሞተሩንም ያሰፋዋል። በባጃጆች መሀል መሹለክ ይቀራል።

የሸራ ቦርሳ ቀላል ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ግን ስትወድቅ ነው። ጠንካራ ሳጥን እግርህን ከሥሩ ይዞ ሊሰብረው ይችላል። አንድ የጭጋግ ጠዋት ኩርባ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ቦርሳው ተጨፈለቀ፣ እግሬ ተረፈ። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ሳጥን አላሰብኩም። ጉድለቱ፦ በቢላ ይቀደዳል፤ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ከነካውም ይቀልጣል። ስለዚህ መከለያ ቆርቆሮ አስገጥምለት።

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚመላለስ ሳጥኑ ይሻላል። ጠጠር መንገድ ለሚገባ ግን ሸራውን እመክራለሁ። የትኛውንም ብትይዝ ከባዱን ዕቃ ከታች አድርገው፤ ቁልቁለቱንም ፍሬን ላይ ብቻ ሳትተማመን በማርሽ እየያዝክ ውረድ።