ክረምቱን ለቆመች ሃይሩፍ፦ ጂፒኤስ ወይስ የመሪ ብረት፣ አሲድ ወይስ ሊቲየም?

ሰኔ ገብቶ እንግዳ ሲጠፋ ሐዋሳ ያለን የጉብኝት ሾፌሮች በአንድ ጥያቄ እንያዛለን። አልጋና ማብሰያ ያስገጠምንላት ሃይሩፍ ግቢ ውስጥ ስትቆም ከሌባ በምን እንጠብቃት? ለመስከረምስ በምን እናድሳት? ዘንድሮ ደውሎ የሚጠይቀኝ ስለበዛ መልሴን በጽሑፍ ላድርገው። ከመጀመሪያው ልናገርና እኔ ለብረት አደላለሁ። ለሚጮኽና ለሚያብለጨልጭ ዕቃ የሚወጣውን ገንዘብ አስቀርቼ ሊቲየም ባትሪ ብገዛበት እመርጣለሁ።

የምጠቅሳቸው ዋጋዎች በዚህ ክረምት ከሱቅ ሱቅ፣ ከጋራዥ ጋራዥ ዞሬ የተነገሩኝ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ፣ ከቁጥሩ ይልቅ በአንዱና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ።

ጂፒኤስ ከነማስገጠሚያው 9,000 ብር ነው። በዚህ አያበቃም፤ በየዓመቱ የአገልግሎት 3,000 ብር ይከፈላል፤ ሲም ካርዱም የዳታ ሂሳብ ይበላል። በሦስት ዓመት፣ ዳታውን ሳንቆጥር፣ 18,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። ሪሞት ያለው አላርም 6,500 ብር ነው። በሌላ በኩል መናኸሪያ አካባቢ ያሉ በያጆች ከፍሪሲዮን ፔዳሉ እስከ መሪው የሚይዝ ብረት በ4,000 ብር ይሠራሉ። ሞተር እንዳይነሣ የሚያደርግ ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ ከነሽቦው 600፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጅ ደግሞ 1,000 ብር። ብረቱና ማብሪያው ተደምረው 5,600 ብር ናቸው። ከጂፒኤሱ ጋር ሲተያይ 12,400 ብር ተረፈ። ይህችን 12,400 ብር ያዟት፤ ወደ ባትሪው ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ጂፒኤስን የጠላሁት ግን በዋጋው ብቻ አይደለም። መኪናዋ የቆመች ናት። የአንድ ወዳጄ ሃይሩፍ ላይ በአምፔር መለኪያ ስናየው ጂፒኤሱና አላርሙ ሞተር ጠፍቶም 50 ሚሊ አምፔር ይስባሉ። በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት መሆኑ ነው። 70 አምፔር ሰዓት (ሱቅ ላይ በአጭሩ አምፔር የሚሉት) የሆነ የማስነሻ ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ግማሹ አለቀ፤ በሁለተኛው ወር ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው እንዳይሞት ኔጌቲቩን ስትነቅሉ ደግሞ አላርሙ ዲዳ ይሆናል፤ ጂፒኤሱም በውስጡ ባለችው ትንሽ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ተንፈራግጦ ይጠፋል። በጣም በሚያስፈልግበት ወቅት የማይሠራ ጠባቂ ማለት ይህ ነው። ብረት ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ደግሞም ከቆመ መኪና ላይ የሚሰረቀው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ራሱ አይደለም። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ባትሪ፣ ስኮርታ ጎማ ነው። ስፖኪዮው ተነቅሎ ገበያ ሲወጣ ጂፒኤሱ መኪናዋ ግቢዋ ውስጥ በሰላም መቆሟን ይነግራችኋል። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ የስፖኪዮውን መስታወት የሰሌዳ ቁጥር አስቀርጹበት፣ ማቀፊያውን በሪቬት አስመቱት፣ ለስኮርታው ደግሞ በያጁ የመሪውን ብረት ሲሠራ በዚያው የብረት ቀፎ ጨምሮ እንዲበይድላችሁ ተከራከሩ።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጥታችሁ የምታሠሩ ከሆነ ጂፒኤስ ግዙ። ወንዶ ገነት ነኝ ያለው ሰው ላንጋኖ መሆኑን ለማወቅ ከእሱ የተሻለ የለም። ለሌባ ሳይሆን ለሾፌር የተሠራ ዕቃ ነው ብዬ ነው የማስበው።

የመሪ ብረትም ቢሆን ዓይነት አለው። ከሱቅ በ2,500 ብር የሚገዛው ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባው አብዛኛው ውስጡ ባዶ ቧንቧ ነው። መሬት ላይ መታ ስታደርጉት ድምፁ ያጋልጠዋል። ሌላው ፈተና ይበልጣል፦ ባለሱቁን ሁለት አስወጡና የአንዱን ቁልፍ በሌላው ሞክሩት። እኔ ከሞከርኳቸው መካከል አንዱ በሌላው ቁልፍ እንደ ቅቤ ተከፍቷል። መሪው ላይ ብቻ የሚታሰረውን ደግሞ ሌባው ብረቱን ትቶ የመሪውን ክብ በመጋዝ ቆርጦ ያወጣዋል። ፔዳሉንም የሚይዘውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ድብቅ ማብሪያውን የት እናስገባው በሚለው ላይ ጋራዦች አይስማሙም። ብዙዎቹ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ባለው ነዳጅ ዘጊ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት መዝጊያ) ሽቦ ላይ ይቀጥሉታል። እኔ አልወደውም፤ መጋጠሚያው በኮረኮንች ከላላ መኪናዋ እየሄደች ሞተር ይጠፋል፣ መሪውም ይከብዳል። ወደ ሞተሪኖው በምትሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሆን ግን የተነሣ ሞተር በምንም መንገድ አያጠፋም። ጉድለቱ፣ ማንዋል ማርሽ ያለው መኪና በግፊ ሊነሣ መቻሉ ነው። ፍሪሲዮኑና መሪው በብረት ከታሰሩ ግን ገፍቶ የትም አይደረስም፤ ስለዚህ ሁለቱን ለያይታችሁ አትግዙ። ማብሪያውን ዳሽቦርድ ሥር አታስቀምጡ፤ ሌባ መጀመሪያ የሚዳብሰው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። ከማስነሻው ሌላ ለመኝታ ክፍሉ የሚሆን 100 አምፔር አሲድ ባትሪ 24,000፣ ሊቲየም ፎስፌት የሚባለው 58,000 ብር ነው። ከሁለት እጥፍ በላይ ነውና ሰው ሁሉ ወደ አሲዱ ይሮጣል። ነገር ግን አሲድ ባትሪ ከግማሹ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ የምትጠቀሙት 50 አምፔር ብቻ ነው። ከሊቲየሙ 90 ያህሉን ታወጣላችሁ። ትንሿ የመኪና ማቀዝቀዣ በቀን ከ30 እስከ 40 አምፔር ትበላለች፤ በአሲዱ አንድ ቀን ከጥቂት፣ በሊቲየሙ ከሁለት ቀን በላይ ትቆያላችሁ። ለማመጣጠን ሁለት አሲድ ስትገዙ 48,000 ብርና ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ነው። ሊቲየሙ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ቢመዝን ነው።

ሊቲየሙ አንድ ተጨማሪ ወጪ አለው። ሞተር ሲሠራ ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ጋር በቀጥታ ካገናኛችሁት ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዲናሞውን ያግለዋል፤ በመካከል 13,000 ብር የሚሆን ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልጋል። ስለዚህ 71,000 ሆነ። ከሁለቱ አሲዶች የሚለየው 23,000 ብር ነው፤ ከጂፒኤሱ ያተረፍናት 12,400 ግማሹን አልፋ ሸፈነችው። በየጉዞው የሚሠሩ አሲዶች በሁለት ሦስት ዓመት ሲደክሙ ሌላ 48,000 ይወጣል። በደህና የተያዘ ሊቲየም ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ይለቀቃል።

ችግሩ አስመሳዩ ነው። አንድ የሙያ ባልደረባዬ «200 አምፔር ሊቲየም» ተብሎ በ45,000 ብር የተሸጠለት ባትሪ ማቀዝቀዣውን አንድ ሌሊት እንኳ አላሻገረም። ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ብናወጣው 9 ኪሎ ሆነ። እውነተኛ 200 አምፔር ከ20 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ሲከፈት ግማሹ ስፖንጅ ነበር፤ የሸጠለት ሱቅም ዋስትናው የተከፈተ ዕቃ አይመለከትም አለ። አሲዱም ላይ ያው ማታለል አለ፦ 100 አምፔር ተብሎ 19 ኪሎ የሚመዝን ካጋጠማችሁ ውስጡ የጎደለ እርሳስ ነው፤ 28 ኪሎ ገደማ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ሳትከፍሉ መዝኑ፣ ኪሎውንና መለያ ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ፖርቶባጋሊዮው ላይ ለሚወጣው የፀሐይ ፓነል ደግሞ ሜትር ያዙ፤ አንድ ካሬ ሜትር የሚሆነው 200 ዋት አካባቢ ነው የሚሰጠው። የዚያን ግማሽ የሚያህል ሆኖ «300 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን እዚያው ተዉት።

ሊቲየም የሚፈራው ብርድ ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ነገር ግን ባሌ ተራሮች ሄዳችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ሳነቴ አካባቢ ካደራችሁ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች መሙላት ሊቲየምን ይጎዳዋል። ደህናው ባትሪ ራሱ አልሞላም ይላል፤ አስመሳዩ ዝም ብሎ ይሞላና ይበላሻል። ባትሪውን ከሻንሲው ሥር ሳይሆን እናንተ ከምትተኙበት አልጋ ሥር አድርጉት።

ማቀዝቀዣ የሌላችሁና ለመብራትና ለስልክ ብቻ የምትፈልጉት ግን ይህን ሁሉ ገንዘብ አታውጡ፤ አንድ አሲድ በ24,000 ይበቃችኋል። ክረምቱን ግን ሞልታችሁ አቆዩት፤ ባዶውን የከረመ አሲድ በመስከረም አይነሣም። ሊቲየሙ በተቃራኒው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ሽቦው ተነቅሎ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ገበያው መዳብ በተቀባ አልሙኒየም ተሞልቷል፤ ጫፉን በቢላዋ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ፊውዙንም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጎን አስገጥሙ፤ ገመዱ ቢላጥ እሳት የሚነሣው አልጋው ሥር ነውና።