«ለሚደርስ ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም»፦ ጎንደር ላይ የተጠቀምንባቸው ጂም፣ ገንዳና ሜዳ

ወረቀቱ ፒያሳ አካባቢ ያለው ጂም በር ላይ ተለጥፏል፣ የሆቴሉ መዋኛ በር ላይም እንዲሁ። ከውጭ ለእረፍት የመጣ ሰው ያነበውና «እንግዲህ ብጎዳ የራሴ ጉዳይ ነው» ብሎ ይገባል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2068 ነጻ የሚያወጣው በጨዋታ መሃል አብሮት የሚጫወተውን ወይም ተመልካቹን የጎዳ ሰውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ተንኮል ወይም ከባድ የጨዋታ ሕግ ጥሰት ከሌለበት ነው። ኬብሉ ያለቀ ማሽን ላይ ሰው እያስቀመጠ ገንዘብ ለሚቀበል አልተጻፈም። ለራስ ጥፋት አስቀድሞ «አልጠየቅም» ብሎ መለጠፍም አያዋጣም። የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ በሦስት ሳምንት ተመልሶ የሚሄድ ሰው የክፍያ ደረሰኙንና የሐኪም ማስረጃውን እዚያው እያለ መያዝ አለበት።

ጂሙ ንጹሕ ነው፣ አሠልጣኞቹም ሥራቸውን የሚወዱ ልጆች ናቸው። ምዝገባው ላይ የሚጠየቀው ግን ስም፣ ስልክ፣ ጉርድ ፎቶና ክፍያ ብቻ ነው። ልብ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ራስን ስቶ መውደቅ፦ አንዱም አይነሳም። ለእንግዳ ትልቁ ክፍተት የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ነው። የውጭ ሲም ያለበትን የተቆለፈ ስልክ ይዞ የወደቀ ሰው ዘመዱ በምን ይገኛል? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በአንድ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ከተማ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የለመዱትን ፍጥነት ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ መሞከር ማዞርን፣ ማዞሩም መውደቅን ያመጣል።

ትሬድሚሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሰው ሲወድቅ ማግኔቱን ነቅሎ ማሽኑን የሚያቆመው፣ ልብስ ላይ የሚቆነጠጠው ቀይ ገመድ ተቆርጧል፤ ማግኔቱ እንዳይነሳ በፕላስተር ተጣብቋል። «በየጊዜው እየወደቀ ማሽኑን ያጠፋብናል» ይላሉ። ሥራው እኮ ማጥፋት ነው! ከማሽኑ ኋላ 2 ሜትር፣ በጎንና በጎን ግማሽ ግማሽ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ እዚህ ኋላው አንድ ክንድ እንኳ ሳይሞላ መስታወት ነው። የወደቀ ሰው በሚሮጠው ምንጣፍና በግድግዳው መካከል ተሰንቅሮ ቆዳው ይላጣል። የሚመሰገን ነገርም አለ፦ መብራት ሲጠፋ አሠልጣኙ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» ብሎ ያስወርዳል። የኬብል ማሽኖቹን በተመለከተ፣ ሽቦው መዘውሩ ላይ የሚታጠፍበትንና ጫፉ የታሰረበትን ቦታ ፈትሹ። ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ አንድ ክር ሽቦ እንኳ ከወጣ ማሽኑ መቆም አለበት። ቴፕ መጠቅለል ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ ሽቦውን አያጠነክርም።

ገንዳው ጠዋት ጥሩ ነው። ጠርዙ ላይ ቆመን ወለሉ ላይ ያለው የውኃ መውጫ ክዳን ጥርት ብሎ ይታየናል። እሑድ ከሰዓት አይታይም፤ ክዳኑ ካልታየ የሰመጠ ልጅም አይታይም ማለት ነው። ብዙ ሰው «ክሎሪኑ ይሸታል፣ ንጹሕ ነው» ይላል፤ የሚያቃጥለው ሽታ ግን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር መዋሃዱን ነው የሚናገረው። ነጻ ክሎሪን (ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሃደው) በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን ደህና ነው፤ የዛሬውን ንባብ ስንጠይቅ መዝገብ አልተገኘም። ጥልቀቱም ጠርዙ ላይ አልተጻፈም። ፎጣ የሚያድለው ልጅ ትሑት ነው፤ ነገር ግን ዋና ጠባቂ አይደለም። የሰመጠን ሰው ገልብጦ ሆዱን መጫን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትውከቱን ወደ ሳንባ ይነዳዋል። የማይተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ በአፍ አየር ይሰጣል፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረት ተጭኖ 2 ጊዜ እፍ እየተባለ ይቀጥላል፤ ግፊቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። አንድ ሰው ደግሞ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውላል።

ከሦስቱ የሚሻለው ያልጠበቅነው ነው፦ ወደ አዘዞ መንገድ ያለው የሰፈር ኳስ ሜዳ። አሠራሩ እንደ እድር ነው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ተንቀሳቃሽ ጎሎቹ ኋላቸው ላይ በአሸዋ ጆንያ ተይዘዋል፤ ልጆች አግዳሚው ላይ ሲንጠለጠሉ ወደ ፊት የሚደፋ ጎል ሰው ይገድላል። ለውድድር ቀን የእንጨት መቀመጫ አይሠሩም። በጥር 2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰዎች ያለቁባት ከተማ ናትና ምክንያቱን ማንም አይጠይቅም።

መዝገቡ ባለ መስመር ደብተር ነው፦ ስም ከነአያት፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ «ሕመም ካለ»። ጸሐፊው እንግዳ ሲመዘግቡ «የአያትህንም ጨምር ልጄ፤ ተስፋዬ እኮ እዚህ ሞልቷል» ይላሉ። የቡድን የአካል ጉዳት መድን የገቡት በዚሁ የስም ዝርዝር ነው። «ለዛሬ ብቻ» ብለው የሚጫወቱት ግን የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ነው የሚጻፉት፤ ያ ገጽ ለመድን ድርጅቱ አይላክም።