የጣት ኦክስጅን መለኪያ፦ ደሴ ላይ ለሚራመድ የሳንባ ሕመምተኛ

በሁለት ቀጫጭን ባትሪ የምትሠራው፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የምታሳየው የጣት ኦክስጅን መለኪያ፣ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ይዞት የእግር ጉዞ ለጀመረ ሰው ጥሩ አጋዥ ናት፤ አጠቃቀሟን ካወቁበት። ትልቁ ድክመቷ ቀዝቃዛ ጣት ነው። የጦሳ ተራራ የማለዳ ብርድ ያደነዘዘው ጣት ላይ ሲሰኳት ለምሳሌ 84 ብላ ታስደነግጣለች፤ እጅ ታሽቶ ሲሞቅ 91 ልትል ትችላለች። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣትም ሊያሳስታት ስለሚችል ያልተቀባውን ይምረጡ። እየተራመዱ አይለኩ፦ ቆመው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አሳርፈው፣ ቁጥሩ እስኪረጋ 1 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። እንዲያም ሆኖ 2 ወይም 3 ነጥብ ትስታለች።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ንባቡ ከእሷ በታች ባለችው ጎረቤቷ ኮምቦልቻ ከሚታየው ዝቅ ይላል። በብዙ የሳንባ ሕመምተኞች የእንቅስቃሴ ሥልጠናዎች ንባቡ ከ88 ሲወርድ ጉዞው ይቆማል፤ የእርስዎን ልክ ግን ሐኪምዎ ይወስኑልዎ።

መሣሪያዋ የትንፋሽ ማጠርን አትለካም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የትንፋሽ ማጠሩን ራስዎ ከ0 (ምንም የለም) እስከ 10 (እጅግ የከፋ) ይገምቱት፤ 4 አካባቢ ሲደርስ ፍጥነት አይጨምሩ። በአፍንጫ ስበው፣ ከንፈርዎን አሹለው፣ በሳቡበት ጊዜ እጥፍ ቀስ ብለው ያውጡ። ዳገት ላይ 93 ብትልም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎ ይቀመጡ።