ከመፍታቱ በፊት የሚመረምር ጋራዥ፦ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ጥገና በደብረ ብርሃን

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሌ ከፊት በኩል እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረ፤ ፍሬን በያዝሁ ቁጥርም ከመሪው ሥር ቀጭ ይል ነበር። መጀመሪያ የወሰድሁት ሌላ ከተማ ወዳለ ጋራዥ ሲሆን፣ እዚያ ሳይነዱት «የመሪው ኩሽኔታ ነው» ብለው ዳዶውን አጠበቁት፤ ኩሽኔታ ማለት የሚዞር ክፍል ያለ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት ነው። መሪው ለመዞር አስቸገረ እንጂ ድምፁ አልጠፋም። እዚህ የምገመግመው ከዚያ በኋላ የሄድሁበትን፣ በደብረ ብርሃን ዋናው አስፋልት ዳር ያለውን ትንሽ ጋራዥ ነው።

ባለሙያው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎም ራሱ ነድቶ፣ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ነዳጁን ለቅቆ ፍሪሲዮን ያዘ። የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ጉርምርምታው ቀጥሎ፣ ከጎማው ፍጥነት ጋር ብቻ እየቀነሰ ስለ ሄደ፣ ጥፋቱ ከሞተሩ አለመሆኑ እዚያው ታወቀ። ሲመለስ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥቶ፣ ረዳቱ ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች አጥብቆ እንዲይዝ ካደረገ በኋላ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ጎን ነቀነቀው። «ጋሼ፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉ፤ አሞርዛተሩ ቆሞ ጎማው ብቻ ከተወዛወዘ የጎማው ኩሽኔታ ነው» አለኝ። ከዚያ አሞርዛተሮቹን ራሳቸውን ወደፊትና ወደኋላ ሲስባቸው ምንም ክፍተት አልነበረም፤ የመሪው ኩሽኔታ በከንቱ መጥበቁን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም መልሶ አላላው።

ጎማው ወጥቶ የቀኙን ኩሽኔታ በጣት ስናዞረው ጠጠር የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ ግሪሱም ከዝገት ጋር ተቀላቅሎ ቀልቷል። በኃይለኛ የውሃ ግፊት ስለማሳጥበው ገሠጸኝ፤ ማስተባበል አልቻልሁም። የግራው ገና ደህና ቢመስልም ሁለቱንም ቀየረ፤ ጎማው አንዴ ከወረደ በኋላ አንዱን ብቻ መቀየር ለሁለተኛ ድካም መዘጋጀት ስለሆነ በዚህ እስማማለሁ። አዲሶቹ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ 6301ን፣ ተከትለው የተገዙ፣ የውስጥ ቀዳዳቸው 12፣ የውጭ ስፋታቸው 37፣ ውፍረታቸው 12 ሚሊሜትር የሆነ፣ በሁለቱም ጎን የተሸፈኑ ናቸው። ሲያስገባቸው የመታው የውጭውን ቀለበት ብቻ ነበር። በመካከላቸው የሚገባውን ቱቦም አጽድቶ መለሰው፤ ቱቦው ከተረሳ ዘንጉ ሲጠብቅ የውስጥ ቀለበቶቹ ወደ መሃል ይገፉና አዲሱ ኩሽኔታ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል።

ጉድለትም አለው። የጎማውን ዘንግ ዳዶ ያጠበቀው በእጅ ግምት ነው፤ የቸርኬውን መጣመም ያየልኝ እኔ ስጠይቀው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃና አቧራ የሚከለክለውን፣ ጠርዙ የደረቀ አሮጌ የላስቲክ ቀለበት መልሶ ማስገባቱ ነው፤ ዝገቱ የገባው በዚያው በኩል ሊሆን ይችላልና። በማግሥቱ አዲስ ገዝቼ ስመለስ የእጅ ዋጋ ሳያስከፍለኝ ቀየረልኝ፤ እኔ ባላነሣው ግን አሮጌው እንደገባ ይቀር ነበር።